ጁዌሚንግዝን እንዴት ቆልተን እናፍላው? የቻይናው «የዓይን ዘር» አሠራርና ጥንቃቄው

ከቻይናዋ ጓንግዡ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው ሻንጣ ውስጥ ይህ ዘር ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ቡናማ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ እንደ ጠጠር የደነደነ ነው። ሰውየው አገር ቤት በገባ በሳምንቱ መልእክት ይደርሰኛል። «ያ ዘር እንዴት ነበር የሚፈላው?» ቀጥሎ እህቱ ትጽፋለች። «ለዓይን ነው ያልከው ወይስ ለሆድ? ያከሳል የሚሉትስ እውነት ነው?»

አንድ መልስ ስልክ ላይ አሥር ጊዜ መጻፍ ሰለቸኝ። ስለዚህ እዚህ አሰፈርኩት። እኔ ፋርማሲ ተምሬ ጓንግዡ የምኖር ሰው ነኝ እንጂ የቻይና ባህል ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ ዘሩ ውስጥ ምን እንዳለና ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ውስጡ ምን አለ?

ዘሩ የሚገኘው ከባቄላና ከአተር ቤተሰብ ከሆነ ተክል ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሴና ኦብቱሲፎሊያ ወይም ሴና ቶራ ይባላል። የቻይና ፋርማኮፒያ (የአገሪቱ የመድኃኒት መመዘኛ መጽሐፍ) በድሮው ስማቸው ካሲያ ይላቸዋል። «ሴና» ሲባል አንድ ነገር ትዝ አላችሁ? አዎ፣ የሰናመኪ የቅርብ ዘመድ ነው። ይህችን ከያዛችሁ ከታች ያለው ሁሉ ይገባችኋል።

ዋናዎቹ ውሁዶች አንትራኪኖን የሚባሉ ናቸው፦ ክሪሶፋኖል፣ ኢሞዲን፣ ኦብቱሲፎሊን፣ ኦራንቲዮ-ኦብቱሲን። ሰናመኪና እሬት የሚያስቀምጡትም በዚሁ የውሁድ ወገን ምክንያት ነው። ጥሬው ዘር ውስጥ ብዙዎቹ ከስኳር ጋር ተጣብቀው ይገኛሉ። ስኳሩ ትንሹ አንጀት ላይ እንዳይመጠጡ ይከላከልላቸውና እስከ ትልቁ አንጀት ይዟቸው ይወርዳል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ቆርጠው ውሁዱን ወደ አንትሮን ይለውጡታል። አንትሮን የአንጀትን ግድግዳ ይቀሰቅሳል፣ ውኃም አንጀት ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ሙቀት ደግሞ የስኳሩን ትስስር ይበጥሳል። ስለዚህ መቁላት ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ የዘሩን ጠባይ ይለውጣል። ጥሬው ማስቀመጥ ላይ ይበረታል፣ የተቆላው ለዘብ ይላል። ፋርማኮፒያውም ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚለካቸው። ጥሬው ቢያንስ 0.20 በመቶ ክሪሶፋኖል እንዲኖረው ሲጠይቅ ለተቆላው 0.12 በመቶ ይበቃዋል።

ሌላው ጋላክቶማናን የሚባል ሙጫ ነው። አብሽ ውኃ ውስጥ ሲያድር የሚያወጣው ዝልግልግ ነገር ከዚሁ ወገን ነው። (በነገራችን ላይ አብሽም ከቻይና መድኃኒት ቤት አይጠፋም። ሁሉባ ይሉታል፣ ስሙን የወሰዱት ከዐረብኛው «ሁልባ» ነው።)

ቻይኖቹ ዘሩን የሚጠቀሙበት ለቀላና ለሚያቃጥል ዓይን፣ ብርሃን ማየት ሲያስቸግር፣ ዓይን ሲያለቅስ፣ ለራስ ምታት፣ ለማዞርና ለሆድ ድርቀት ነው። በእነሱ ትምህርት ዓይን ከጉበት ጋር የተያያዘ ነው፤ ዘሩ ጉበትን አቀዝቅዞ ዓይንን ያጠራል ይላሉ። ከዝርዝሩ ውስጥ ኬሚስትሪው በግልጽ የሚደግፈው የሆድ ድርቀቱን ነው። የደም ስብንና ግፊትን ዝቅ ማድረጉ በእንስሳት ሙከራ ታይቷል። አይጥ ላይ የታየውን ግን እናቶቻችን ላይ ይሠራል ብዬ አልነግራችሁም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ጥሬ ዘር፣ 100 ግራም (ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ በላይ አትቁሉ)
- ግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን
- ሰፌድ ወይም ሰፊ ትሪ
- ወንፊትና የሻይ ማጥለያ
- ወፍራም መጥበሻ። የቡና መቁያ ምጣድ ካላችሁ ይበልጣል፣ ግን የቡናው ቅባት እስኪለቅ እጠቡት
- የእንጨት ማማሰያ
- ሙቀጫና ዘነዘና
- ክዳን ያለው ድስት። ጀበና አይሁን፣ ሙጫው ውስጧ ከደረቀ አይለቅላችሁም
- ፔርሙስ (ጥሬውን ለምትዘፈዝፉ)
- ክዳኑ ግጥም የሚል ደረቅ ጠርሙስ

አሠራሩ

1. ዘሩ ራሱ መሆኑን አረጋግጡ።

አንድ ፍሬ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ብርሃን ላይ እዩት። ትክክለኛው ክብ አይደለም። ጎን ጎን ያለው ነው፣ ሁለቱ ጫፎቹ በሰያፍ የተቆረጡ ይመስላሉ፣ አንዱ ጫፍ ሾል ይላል። ቻይኖቹ «የፈረስ ኮቴ» የሚሉት ለዚህ ነው። ርዝመቱ ከ3 እስከ 7 ሚሊሜትር ነው። ቆዳው ለስላሳና የሚያብረቀርቅ፣ አረንጓዴ ያዘለ ቡናማ ነው። በጎኑ ፈዘዝ ያለ ሰያፍ መስመር አለው። የሴና ቶራው ዘር አነስ ይላል፣ በመስመሩ ፈንታም ሰፋ ያለ ቢጫማ ቀበቶ ይታይበታል።

ይህን ያህል የምጨቀጭቃችሁ ተመሳሳይ ስላለው ነው። ሴና ኦክሲደንታሊስ የሚባለው ዘመዱ ዘሩ ጠፍጣፋ፣ እንደ እንቁላል ሞላላ፣ የማያብለጨልጭ ነው፤ መሃሉ ላይ የተጫነ የሚመስል ምልክት አለው። መርዛማ ነው። በሕንድ ምዕራባዊ ኡታር ፕራዴሽ ፍሬውን የበሉ ሕፃናት ጉበታቸው፣ ጡንቻቸውና አንጎላቸው ተጎድቶ ብዙዎቹ ሞተዋል። ሁለቱም ተክሎች እኛም አገር ሞቃታማ ቦታዎች ላይ ይበቅላሉ። ስለዚህ «ቆላ መንገድ ዳር አየሁት» ብላችሁ ለቅማችሁ እንዳታፈሉ።

የት እንደተገዛም ጠይቁ። ቻይና ውስጥ ይህ ዘር ትራስ ይሞላበታል፣ የሕፃናት መጫወቻ ቦታም እንደ አሸዋ ይፈስበታል። ያ ለአፍ ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም። አንድ ጊዜ ርካሽ ነው ብዬ ሁለት ኪሎ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ውኃ ባፈስበት ውኃው ወዲያው እንደ ሻይ ጠቆረ፣ ከላዩም አቧራ ተንሳፈፈ። ከረጢቱን ገልብጬ ሳይ የትራስ ሥዕል አለበት! ሻጩን ምን ልበለው፣ እኔ ነኝ ያልጠየቅሁት። የምትገዙት ከመድኃኒት ቤት ወይም የምግብ መሆኑ ከተጻፈበት ማሸጊያ ይሁን። ስሙን ሻጩ በቻይንኛ እንዲጽፍላችሁ አድርጉና ፎቶ አንሱት፣ ሦስት ፊደል ነው።

2. ልቀሙት።

ሰፌድ ላይ አፍስሳችሁ ምስር እንደምትለቅሙት ልቀሙት። ጠጠር፣ ገለባ፣ የተበሳ፣ የተሰበረ፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የለበሰ ካለ አውጡ። ሻጋታው ከጥቂት ፍሬ በላይ ከሆነ ሙሉውን ጣሉት፣ መልቀም አያድነውም። ምክንያቱ አፍላቶክሲን ነው፤ በርበሬና ኦቾሎኒ ላይ ስሙን የምንሰማው ያው መርዝ። የቻይና ፋርማኮፒያ ይህን ዘር ለአፍላቶክሲን ከሚመረመሩት ውስጥ አስገብቶታል። ቢ1 የተባለው በኪሎ ከ5 ማይክሮግራም፣ የአራቱ ዓይነቶች ድምር ከ10 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። በምጣድ ሙቀት ይጠፋል ብላችሁ አትመኑ።

3. ቶሎ አለቅልቃችሁ አድርቁት።

ወንፊት ላይ አድርጋችሁ የቧንቧ ውኃ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አፍስሱበት። አትዘፍዝፉት። ከዘፈዘፋችሁት ሙጫው መውጣት ይጀምራል፣ ምጣዱ ላይም ይጣበቃል። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጡት፣ በደንብ እስኪደርቅ። ደመና ከሆነ አንድ ቀን ሙሉ ተዉት። እርጥብ ዘር ይቀቀላል እንጂ አይቆላም።

4. ጥሬ ወይስ የተቆላ? አሁን ወስኑ።

እንደ ሻይ ለመጠጣት ከሆነ የተቆላው ነው። ለሆድ ድርቀት ብቻ፣ ለጥቂት ቀን ከሆነ ጥሬው ይሠራል፣ ግን ቁርጠት ሊያመጣ ይችላል። ቀምሳችሁት የማታውቁ ከሆነ በተቆላው ጀምሩ። ጥሬውን የመረጣችሁ ወደ ቁጥር 7 ዝለሉ።

5. ቁሉት።

ምጣዱን መካከለኛ እሳት ላይ ለሁለት ደቂቃ አሙቁት። ዘይት የለም፣ ውኃ የለም። 100 ግራሙን አፍስሱና እሳቱን ዝቅ አድርጉ። ከዚህ በኋላ እጃችሁ ከማማሰያው አይለይ።

መጀመሪያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ምንም የሚሆን አይመስልም። ዘሩ ምጣዱ ላይ እንደ ጠጠር ይንኳኳል፣ በቃ። ከዚያ ድምፁ ይለወጣል። ጠስ፣ ጠስ ማለት ይጀምራል፣ አንዳንዱም ይዘላል። ፈንድሻ እንዳይመስላችሁ፣ አይፈካም። ውስጡ ያለው እርጥበት ቆዳውን ሲሰነጥቅ ነው። በዚህ ሰዓት አንድ ፍሬ አውጡና ካልተቆላው ጎን አስቀምጡት። ትንሽ ነፋ ማለቱን፣ ቀለሙም መጥቆሩን ታያላችሁ።

ሦስተኛው ምልክት ሽታው ነው። ጥሬው ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ሲበስል ግን በቆሎና ቡና መሃል የሆነ መዓዛ ቤቱን ይሞላል። ድምፁ ሲበረታ፣ ዘሩ ሲነፋ፣ ሽታው ሲመጣ፣ ሦስቱ ሲገናኙ አውርዱት። እኔ ምጣድ ላይ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል፣ የእናንተ ምድጃ ሊለይ ስለሚችል ሰዓቱን ሳይሆን ምልክቶቹን ተከተሉ። አንዳንዱ ፍሬ ላይ ጥቁር ነጥብ ቢታይ ችግር የለውም። ሁሉም ከጠቆረ ግን ተቃጥሏል።

የመጀመሪያዬን ያቃጠልሁት ስልክ ሲጠራ «አንድ ደቂቃ» ብዬ ነው። የአንድ ደቂቃ ወሬ ደግሞ እኛ ጋ የለም።

6. ወዲያው ገልብጡና አቀዝቅዙት።

ምጣዱ ላይ አትተዉት። እሳቱ ቢጠፋም ብረቱ መቁላቱን ይቀጥላል። ሰፌድ ላይ በትናችሁ አንፍሱት፣ የተላጠ ቆዳ ካለ ይወጣለታል። እጃችሁን እስከማያሞቅ ድረስ ወደ ጠርሙስ አታስገቡት። ትኩስ ከገባ ክዳኑ ላይ ላብ ይሠራል፣ ላቡ ወደ ዘሩ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ ሻጋታ ነው።

7. መዝኑ፣ ከዚያ ክኩት።

የምታፈሉትን ያህል ብቻ መዝኑ። ለአንድ ቀን 5 ግራም ለጀማሪ በቂ ነው። ፋርማኮፒያው የሚያዝዘው በቀን ከ9 እስከ 15 ግራም ነው፣ ያ ግን ሐኪም አይቶ ለሚያዝዘው ሰው ነው። ማንኪያ አያስተማምንም፣ የአንዱ ሰው «ማንኪያ» የሌላው ሁለት ነው።

የተመዘነውን ሙቀጫ ውስጥ አድርጉና ሦስት አራት ጊዜ ምቱት። ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ሳይሰነጠቅ ውኃ በቀላሉ አይገባውም፣ ብታፈሉትም የቆዳ ውኃ ነው የምትጠጡት። ግን ክክ ይሁን እንጂ ዱቄት አይሁን። ዱቄት ካደረጋችሁት ሙጫው በሙሉ ይወጣና ሻዩ እንደ ቀጭን አጥሚት ይሆናል፣ ማጥለያውም ይደፈናል።

8. አፍሉት።

የተቆላው፦ ክኩን 400 ሚሊሊትር (ሁለት የሻይ ኩባያ ያህል) ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጨምሩ። ሲፈላ እሳቱን ዝቅ አድርጉና ከድናችሁ 10 ደቂቃ ተዉት። ወርቃማ ቡናማ ሲሆን አጥልሉት። ጣዕሙ ለስላሳ ነው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ መራራ ይላል። ያንኑ ክክ በዚያው ቀን አንድ ጊዜ ልትደግሙት ትችላላችሁ። አድሮ ግን አይሆንም።

ጥሬው፦ አታፍሉት። ፔርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ የፈላ ውኃ ጨምሩበትና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተዉት። ብዙ ከፈላ ያ የስኳር ትስስር ይበጠሳል፣ የፈለጋችሁት የማስቀመጥ ኃይልም ይቀንሳል።

9. ጠጡ፣ ቀኑንም ቁጠሩ።

የመጀመሪያ ቀን አንድ ኩባያ ብቻ ጠጡና ሆዳችሁን ስሙት። ለድርቀት ከሆነ ማታ ነው። አንትራኪኖን ትልቁ አንጀት እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ነው የሚሠራው። ማታ ጠጥታችሁ ጠዋት ቤታችሁ ውስጥ ትሆናላችሁ። ጠዋት ጠጥታችሁ ታክሲ ውስጥ መሆን ደግሞ አለ።

ለድርቀት ከ7 ቀን በላይ አትቀጥሉ። በሳምንት ያልተፈታ ድርቀት ሻይ ሳይሆን ሐኪም ይፈልጋል። የተቆላውንም ቢሆን የዕለት ሻይ አታድርጉት፣ በየመሃሉ እረፉ።

10. አስቀምጡት።

የተቆላውን ሙሉ ፍሬ በጠርሙስ፣ ጨለማና ደረቅ ቦታ። ቀኑን ጻፉበት። በሁለት ወር ጨርሱት። ዘሩ ቅባት ስላለው ይበላሻል፣ የድሮ ዘይት ከሸተተ ጣሉት። የተከካውን አታስቀምጡ።

ማስጠንቀቂያ

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነ አትጠጡት። ለሕፃናትም አትስጡ። ተቅማጥ ያለበት ሰው፣ የአንጀት ቁስለት ወይም መዘጋት ያለበት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ሕመም ያለበት፣ ግፊቱ በተፈጥሮው ዝቅ የሚል፣ የጉበት ሕመም ያለበት ይቅርበት።

መድኃኒት የምትወስዱ ይህን ደግማችሁ አንብቡ። ተቅማጥ ፖታሲየም ያስወጣል። እንደ ፉሮሴማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ ሽንት የሚያሸኑ ኪኒኖችም ያስወጣሉ። ሁለቱ ሲደመሩ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል። ለልብ ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል፣ ፖታሲየም ሲወርድ የዲጎክሲን መርዛማነት ይጨምራልና። ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) የምትወስዱም ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትንኩት። እናቴ የግፊት ኪኒን ትወስዳለች። ለጎረቤት ሁሉ ስልክ ለእሷ አልላክሁላትም፣ እስካሁን ቅር ብሏታል።

ዓይን በድንገት ከቀላ፣ ካመመ፣ እይታ ከደበዘዘ ወይም መብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። ግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት ሕመም) ሻይ ተጠጥቶ እስኪለይለት አይጠብቅም። ትራኮማም በአንቲባዮቲክ ነው የሚታከመው። በዚህ ሻይ ዓይን ማጠብ ፈጽሞ አይሆንም፣ የኩሽና ሻይ ከጀርም የጸዳ አይደለም።

ሽንት ወደ ቢጫ ቡናማ ቢያደላ አትደንግጡ፣ የአንትራኪኖኑ ቀለም ነው። ዓይናችሁ ነጩ ቢጫ ከሆነ ወይም ሰገራችሁ ከነጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ወዲያው አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

*«ስላልሠራልኝ እጥፍ አደረግሁት።»* በ6 ሰዓት ውስጥ ካልሠራ ገና አልደረሰም ማለት ነው። ሁለተኛውን ከጨመራችሁበት ሁለቱ አንድ ላይ ይደርሳሉ።

*ለወራት መጠጣት።* አንትራኪኖን ያለባቸውን ማስቀመጫዎች ለወራት የሚወስድ ሰው የትልቁ አንጀቱ ግድግዳ ቡናማ ወደ መሆን ሊሄድ ይችላል፤ ሐኪሞች ሜላኖሲስ ኮላይ ይሉታል። ሲቆም ቀስ በቀስ ይለቃል። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ አንዳንዱ ሰው ያለ ሻዩ ሽንት ቤት መሄድ እንደማይችል አምኖ መቀመጡ ነው።

*ከሰናመኪ፣ ከእሬት ወይም ከፋርማሲ ማስቀመጫ ጋር መደባለቅ።* ሰናመኪና እሬት በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት፣ ከፋርማሲ ማስቀመጫዎችም አንዳንዶቹ እንዲሁ። መጠኑን ማብዛት እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

*ለመክሳት መጠጣት።* ሚዛኑ ላይ የቀነሰው ውኃና ሰገራ ነው፣ በማግስቱ ይመለሳል። «የማክሻ ሻይ» የሚባሉት ብዙ ቅይጦች ውስጥ ይህ ዘር አለ። እዚያ የምፈራው ግን ዘሩን አይደለም። እንደዚህ ካሉ ምርቶች አንዳንዶቹ ውስጥ ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት በድብቅ ተጨምሮ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ሲቡትራሚን በልብ ላይ በሚያመጣው ጉዳት ምክንያት በ2010 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካም፣ አውሮፓም፣ ቻይናም ከገበያ ያስወጡት ነው። ስለዚህ ቅይጥ ከረጢት ሳይሆን ነጠላ ዘር ግዙ።

*በሙሉ እሳት መቁላት።* ውጪው ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ሻዩ የከሰል ጣዕም ይኖረዋል፣ ሆድንም እንደ ጥሬው ይቆርጣል። አንድ ፍሬ በጥርስ ሳይሆን በዘነዘና ሰብራችሁ እዩ። መሃሉ ገረጣ ብሎ ከቀረ እሳታችሁ በርትቶ ነበር።

*ዘሩን ልጆች የሚደርሱበት ቦታ መተው።* ያብለጨልጫል፣ ትንሽ ነው፣ ጆሮና አፍንጫ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ከገባ ውኃ አታፍስሱበት፣ ዘሩ ውኃ ጠጥቶ ይነፋና ይበልጥ ይጣበቃል። እንዳለ ይዛችሁት ሐኪም ቤት ሂዱ።